ትጊን ሊድሯት ነው ያልኩበት ጸደይ

ባለፈው ሚያዝያ ኮቴን ልቀበል ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ላውንደሪ ቤት ገብቼ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ አንዲት ሴት ረዥም የሳቲን ቀሚስ በእንፋሎት ትተኩሳለች። ትኩስ ጨርቅ፣ ትንሽ የተቃጠለ አቧራ፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ሽቶ። ሽታው ፊቴን ሲመታኝ የመጣሁበትን ረሳሁት።

«ይቅርታ፣ የፕሮም ሰሞን ስለሆነ ትንሽ እናቆይሻለን» አለኝ ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ።

«ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አልኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እንደተቀመጥኩም የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ነበርን፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። አባዬ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልሰውን ሻትል ይነዳል። እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ሁለቱም ሳይነጋ ነው የሚወጡት። ስለዚህ እኔን የምትቀሰቅሰኝ፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ፣ ስወጣም በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ እህቴ ትዕግሥት ነበረች። ትጊ ነው የምንላት። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያን ዓመት ሃይስኩል ልትጨርስ ነው። የኔ ትምህርት ቤት እሷ ወደ ሃይስኩሏ በምትሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ቁርስ ከሚሰጡበት ክፍል አስገብታኝ እየሮጠች ትሄዳለች። ማታ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ እንተኛለን፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ።

ነገሩ የጀመረው በፒዛ ካርቶን ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ ስትመጣ ባዶ የፒዛ ካርቶን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። መንገዱን ሙሉ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ቤት ስንደርስ ካርቶኑን አልጋዋ ሥር ከተተችው። በነጋታው እማዬ ቤት ስትጠርግ አገኘችውና ክዳኑ ላይ በትልልቁ የተጻፈውን አይታ ጠራችኝ። እማዬ እንግሊዝኛ ማንበብ ብትችልም የእጅ ጽሑፍ ይከብዳታል።

«ቤዛ፣ ምን ይላል ይሄ?»

አነበብኩት። ማርከስ የሚባል ልጅ ነው የጻፈው። «ፒዛውን አብረን በላነው፤ ፕሮምም አብረን እንሂድ?» ይላል። «ፕሮም» የሚለውን ቃል አላውቀውም። «ፕሮሚስ» የሚለውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አስተማሪያችን ሚስ ኬሊ ጠዋት ጠዋት እጃችንን አስወጥታ፣ ላንማታ፣ ላንገፋፋ ፕሮሚስ ታስደርገናለች። ልጁ ሲቸኩል ጫፏን ቆርጧት ይሆናል አልኩ።

«ቃል ኪዳን አብረን እንግባ ነው የሚለው» አልኳት።

እማዬ መጥረጊያውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ቀን አመሻሽ ቤታችን ችሎት ሆነ። ትጊ «ዳንስ ነው! የትምህርት ቤት ዳንስ ነው! ሁሉም ነው የሚሄደው!» ትላለች። አባዬ ደግሞ «ዳንስ ከሆነ ቃል ኪዳንን ምን አመጣው?» ይላል።

«ቃል ኪዳን አይልም እኮ! ቤዛ ናት የተሳሳተችው።»

«እሺ፣ ዳንስ ይሁን። ከማን ጋር ነው? የማን ልጅ ነው? እኔ ቤተሰቡን ከማላውቀው ልጅ ጋር የትም አትሄጂም» ብሎ ጨረሰ።

ትጊ ይህንኑ ለማርከስ ነገረችው። ማርከስ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ምንም አልከበዳትም፤ «ትክክል ነው አባቷ፤ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ቤታቸው ሄደን እንተዋወቃለን» አለች። ትጊ ደስ ብሏት ለአባዬ አበሰረችው፤ «እሁድ እናቱን ይዞ ይመጣል!»

አባዬ ስልኩን አንስቶ ጋሼ ታደሰ ጋ ደወለ። ጋሼ ታደሰ የአባዬ የቆየ ጓደኛ ናቸው፤ ኡበር ይነዳሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ግን መኪናቸውን አቁመው የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«ታደሰ፣ ነገሩ በደንብ አልገባኝም» አለ አባዬ። «ግን አንድ ሰው እናቱን ይዞ ቤትህ ከመጣ፣ በኛ በኩልም አንድ ትልቅ ሰው ቢኖር ይሻላል።»

እሁድ ጋሼ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። አባዬ ክራቫት አሰረ። እማዬ የሶፋውን ልብስ ቀየረች። እኔ በልቤ ትጊን ሊድሯት ነው አልኩና ከአልጋዬ ላይ አሻንጉሊቴን አምጥቼ፣ ይዛት እንድትሄድ የሷ ትራስ ላይ አስቀመጥኩላት።

በሩ ተንኳኳ። የማርከስ እናት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች። በሁለት እጇ የኮክ ፓይ ይዛለች፤ ሳሎኑ ወዲያው ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ። ከኋላዋ ማርከስ ቆሟል፤ ረዥም ልጅ ነው፣ የኮቱ እጅጌ አጥሮት አንጓው ይታያል። ተቀመጡ። ፓዩ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ።

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመጣችሁበትን ጉዳይ ብትነግሩን» አሉ በአማርኛ። እንዲህ ያለ ቀን በእንግሊዝኛ አይሆንላቸውም።

ትጊ «እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ» ብላ ብቻ ተረጎመች።

የማርከስ እናት ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ «ልጃችሁ ከማን ጋር እንደምትሆን በዓይናችሁ አይታችሁ እንድታውቁ ነው የመጣነው» አለች። ትጊ ይሄን ቃል በቃል ተረጎመችው። በአማርኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል የገባት አፏን ከዘጋች በኋላ ነው።

አባዬና ጋሼ ታደሰ ተያዩ። አባዬ ተነሣ።

«የልጄን ክብር አውቃችሁ በሬን አንኳኩታችሁ መምጣታችሁ አስደስቶኛል» አለ። «ጨዋ ቤተሰብ መሆናችሁንም አይቻለሁ። ነገር ግን ልጄ መጀመሪያ ዲግሪዋን ትይዛለች። ጋብቻ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።»

የትጊ ፊት ቲማቲም መሰለ። ምንጣፉን እያየች በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ስለ ፓዩ አመሰግናለሁ ነው የሚለው» አለች።

ይሄን ልታገሠው አልቻልኩም። «አላለም!» ብዬ ከሶፋው ላይ ዘልዬ ወረድኩ። ሚስ ኬሊ ባስተማረችኝ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ «ዲግሪዋን ሳትይዝ ልታገባው አትችልም ነው ያለው!» አልኩ።

ማርከስ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ባርኔጣዋ ግንባሯ ላይ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች።

«ይሄ? ይሄ ሊያገባ?» አለች ልጇን በጣቷ እያሳየች። «ይሄ እኮ ካልሲውን እንኳ ራሱ አያጥብም! ከኔ ቤት ዲግሪ ሳይዝ የሚያገባ ልጅ አይወጣም!»

አሁን አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፣ ካልሲውንም። መጀመሪያ ጋሼ ታደሰ ሳቁ፤ ሳቃቸው እማዬን ጎተታት፤ መጨረሻ ላይ አባዬ ክራቫቱን እያላላ ተቀመጠና ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ።

«ዳንስ ብቻ?» አላት በራሱ እንግሊዝኛ።

«ዳንስ ብቻ። ወስጄ የምመልሳቸውም እኔ ነኝ።»

ፓዩን እስከ ፍርፋሪው በላነው።

ትልልቆቹ ሁሉ ተረጋጉ፣ እኔ ግን አልተረጋጋሁም። አባዬ «ከዚያ በኋላ ነው» ብሏል፤ ለኔ ይሄ ቀኑ ተገፋ እንጂ ቀረ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ረዥም ቀሚስ መሰፋት ተጀመረ። የምትሰፋው ከኛ በታች የምትኖረው እትዬ ዘሀራ ናት። ደሴ ያደገች፣ የሙሽራ ልብስ ቤት ውስጥ ቀሚስ የምታጠብና የምታሰፋ ሴት ናት። አንዲት ሚዜ አሠርታው ሳትወስደው የቀረችውን የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ የሳቲን ቀሚስ ከሱቁ ይዛ መጥታ፣ ትጊን ወንበር ላይ አቁማ ትዞራታለች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ስለምታወራ ድምፅዋ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። እጅጌ ላልነበረው እጅጌ አወጣችለት፣ የጎደለውን ደረት ሞላችው። ስትተኩሰው እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት እኔ በጣቴ ሰው እስልበታለሁ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ሙሽራ ነጭ አይደል የምትለብሰው?» አልኳት።

«ማናት ሙሽራዋ?»

«ትጊ።»

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። ጎንበስ ብላ አየችኝ። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሠርግ አይደለም። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሊበታተኑ ነው። ከመበታተናቸው በፊት አንድ ቀን አምረው ይጨፍራሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

እኔ የሰማሁት «ሊበታተኑ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ትጊ ነሐሴ ላይ ኮሌጅ ልትገባ ሲንሲናቲ እንደምትሄድ በቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ሲንሲናቲ ግን እዚሁ አጠገባችን እንዳለው እንደ ደብሊን በቀን ሄደው የሚመለሱበት ሰፈር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ነው ካርታ ላይ ያየሁት።

የሚቀጥለው ችግር ጭፈራው ነበር። ትጊ ቀስ ያለ ሙዚቃ ላይ ከሰው ጋር መጨፈር አትችልም። አፓርትመንታችን ሥር ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ልብሳችን እስኪደርቅ ድረስ ከኔ ጋር ትለማመዳለች። ማድረቂያው ይሽከረከራል፣ የሱሪ ዚፕ ከብረቱ ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እኛ በሱ ምት ወዲህና ወዲያ እንወዛወዛለን። አባዬ የደረቀውን ሊወስድ ቅርጫት ይዞ ገባና ቆሞ አየን። ትጊ ደነገጠች።

«ማን እንደዚህ ይጨፍራል?» አለ። «ትከሻሽ እንጨት ሆኗል።»

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። የሻትል ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው። አባዬ በወጣትነቱ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ይጨፍር እንደነበር እስከዚያ ቀን አንዳችንም አናውቅም። አንድ እጁን ከኋላው አድርጎ ለትጊ ጎንበስ አለላት፣ እጇን ያዘ፣ «እግርሽን አትይው፤ እግር የሚታየው ሲጠፋ ነው» እያለ በማሽኖቹ መሐል ወሰዳት። እንደሱ ያለ ቀላል ሰው አይቼ አላውቅም። መሬት የሚነካ አይመስልም።

እማዬ ልትፈልገው ወረደች። «አንተ ሰውዬ፣ ልብሱ ደርቆ አልቋል እኮ!»

አባዬ ትጊን ለቀቀና እሷን ያዛት። «ሥራ ውዬ ነው የመጣሁት፣ እግሬ አብጧል» ትላለች፣ ግን አልተላቀቀችም። ማድረቂያው ቆመ። እነሱ ያለ ምንም ድምፅ ትንሽ ቀጠሉ። እኔና ትጊ ማጠቢያው ላይ ተቀምጠን እግራችንን እያወዛወዝን አየናቸው።

የፕሮሙ ቀን ፎቶ ለመነሣት ሁላችንም አንድ የጽጌረዳ መናፈሻ ሄድን። ጽጌረዳው ገና አልፈነዳም፤ እሾኽና ቅጠል ብቻ ነው። ነፋሱ ይቆርጣል። የየትምህርት ቤቱ ሴቶች ትከሻቸውን ገልጠው ይንቀጠቀጣሉ፤ እትዬ ዘሀራ የትጊን እጅጌ እየነካካች «አላልኳችሁም?» እያለች ትኮራለች። የማርከስ ክራቫት የቀሚሱ ቀለም ነው። የአበባ አምባር አምጥቶ የትጊ እጅ ላይ ሲያስርላት፣ እኔ መሐላቸው ገብቼ ቆምኩ።

«ትመልሳታለህ?» አልኩት።

ማርከስ አልሳቀም። ተንበርክኮ ቁመቱን ከኔ እኩል አደረገ። «የምትነዳው እናቴ ናት» አለኝ። «እህትሽን ሳልመልስ ብቀር እኔንም ቤት አታስገባኝም።»

መልሱ አጠገበኝ፤ እናቱን አውቃታለሁ።

ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት በአልጋው ጠርዝ አንገቴን ወደ ታች መስቀል ነው። አለች። አፏን ከፍታ ተኝታለች። ጉንጯ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ተለጥፏል፣ የጸጉር መያዣዎቿ ትራሷ ላይ ተበትነዋል፣ ከብርድ ልብሱ የወጡት የእግሮቿ መርገጫዎች ከሰል መስለዋል። ጫማዋን አውልቃ ነው የጨፈረችው። ደም ጭንቅላቴ ውስጥ እስኪሞላ ድረስ ተዘቅዝቄ አየኋት።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሚስ ኬሊ ስለ ሲኒየር ዎክ ነገረችን። ሃይስኩል የሚጨርሱት ልጆች ጋውናቸውን ለብሰው፣ ትንንሾች እያሉ ወደተማሩበት ትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ እኛ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈን እናጨበጭብላቸዋለን። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ በር ላይ ለጠበቀችኝ ለትጊ እዚያው እየዘለልኩ ነገርኳት።

«እኔን አይመለከተኝም» አለች። «እዚህ የተማሩት ናቸው የሚመጡት። የኔ አንደኛ ደረጃ ኮተቤ ነው፤ ኮተቤ ድረስ ባስ አይወስደኝ።» ሳቀች።

«ታዲያ ሌሎቹ ሲሄዱ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከውጭ የመጣነው ላይብረሪ እንቀመጣለን። እኔ፣ ከኔፓል የመጣችው ልጅ፣ ሌሎችም አሉ። ፊልም ያሳዩናል።»

ትጊ ዝም ስትል ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወስዳ ራሷ ትሸከመዋለች፤ ያን ቀንም ወሰደችው።

በነጋታው ካደረሰችኝ በኋላ ወደ ቁርሱ ክፍል አልገባሁም። ርእሰ መምህራችን ሁልጊዜ ጠዋት መግቢያው ላይ ቆማ ልጆቹን ሰላም ትላለች፤ አንገቷ ላይ የቁልፍ ገመድ ያላት፣ ረዥም፣ የምፈራት ሴት ናት። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«እህቴም ሲኒየር ዎክ ላይ መምጣት አለባት» አልኳት። «እሷም እዚህ ትምህርት ቤት መጥታለች።»

«በጣም ጥሩ! ስንተኛ ክፍል ነው የተማረችው?»

«አልተማረችም። ግን በየቀኑ መጥታለች» አልኩ። «በረዶ ሲጥልም መጥታለች። እኔ አሞኝ ስተኛ የቤት ሥራዬን ልትወስድ ለብቻዋ መጥታለች። የወላጆች ስብሰባ ላይ ለእማዬ ለማስተርጎም እዚያ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ። ከብዙ ልጆች በላይ መጥታለች።»

ርእሰ መምህሯ ቀና ብላ በመስታወቱ በር ወደ ውጭ አየች። ትጊ የመኪና ማቆሚያውን እየሮጠች ስታቋርጥ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ይዘላል።

«ያቺ ናት?»

«አዎ።»

«አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ሰላም ሳትለኝ አታልፍም» አለች። ቁልፎቿን ትንሽ አገላበጠች። «ለሃይስኩሉ እደውላለሁ። አሁን ሂጂ፣ ቁርስሽ እንዳያመልጥሽ።»

ቀኑ ሲደርስ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ተሰለፍን። የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና ቀይ ጋውን የለበሱት መግባት ጀመሩ። እኛ እናጨበጭባለን፣ እነሱ መዳፋችንን እየመቱ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ የድሮ አስተማሪያቸውን ሲያዩ እንደ ሕፃን ይንጫጫሉ። ከበሩ አጠገብ አባዬን አየሁት፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፤ ሺፍቱን ከሰው ጋር ተቀያይሮ ነው። እማዬ አለች። እትዬ ዘሀራም አለች። እንደሚመጡ ማንም አልነገረኝም።

ትጊ የመጨረሻዋ ነበረች። ጋውኗ እንደ ወረቀት ተተኩሷል። እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ፣ ሰው ቤት በስህተት የገባች ይመስል ግድግዳውን ተጠግታ ትሄዳለች። ማን ያውቃታል እዚያ? የተማረችበት ክፍል የለ፣ የሚጠራት አስተማሪ የለ።

የኛ ክፍል ልጆች ጋ ስትደርስ ግን አንዱ በእንግሊዝኛ ጮኸ። «ቤዛስ ሲስተር!»

የቤዛ እህት ማለቱ ነው፤ ስሟን የሚያውቅ የለም እንጂ መልኳንስ ሁሉም ያውቀዋል። በየቀኑ በር ላይ ቆማ ያያታል። «ቤዛስ ሲስተር! ቤዛስ ሲስተር!» ጩኸቱ ከኛ ወደ ሁለተኛ ክፍሎቹ፣ ከነሱ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ተላለፈ። በዚህ መሐል እትዬ ዘሀራ እልልታዋን ለቀቀችው። ልጆቹ ሁሉ ምላሳቸውን እያወዛወዙ ሊያስመስሏት ሞከሩ። የወፍ ቤት የተከፈተ ይመስል ነበር። ሚስ ኬሊም ሞክራለች፣ አይቻታለሁ።

ትጊ እጆቿን ከእጅጌዋ አወጣች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ትንንሾቹን መዳፎች አንድ በአንድ እየመታች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ አላቀፈችኝም፣ አልሳመችኝም። መንገድ ስንሻገር እንደምታደርገው እጄን ጭብጥ አድርጋ ከሰልፉ አወጣችኝና ይዛኝ ሄደች። በጭብጨባው መሐል ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄድን። የመውጫውን በር በትከሻዋ ገፋችው፣ ፀሐይ ላይ ወጣን፣ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆማ ጀርባዬን አየችው።

«ቦርሳሽስ?» አለችኝ።

ገና ምሳ እንኳ አልበላንም ነበር። ተያየን። ትጊ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ፣ ቆቧ ወድቆ እስኪንከባለል ድረስ ሳቀች፤ እኔም ጭኗ ላይ ወድቄ ሳቅሁ።

«በይ ተነሺ፣ ግቢ ወደ ክፍልሽ» አለችኝ ዓይኗን በጋውኗ እየጠረገች።

በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። ለብቻዬ ገባሁ። ሰልፉ ገና አልተበተነም ነበርና፣ ልጆቹ ለኔም አጨበጨቡልኝ።